በዓመት አንድ ወይፈን

ጋሽ ስጦታው መሞታቸውን የነገረኝ ከነገሌ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ያቤሎ፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ መኪናውን አቁሞ «መምህር፣ እኒያ ጎረቤትህ የነበሩት ሽማግሌ አረፉ፤ ትናንት ቀበርናቸው» አለኝ። «ነፍስ ይማር» ማለት ሲገባኝ «ስንት ከብት ተረፋቸው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሾፌሩ ፊቱን አጠቆረ። ሰው ሞተ ሲሉት ከብት የሚቆጥር አስተማሪ ገጥሞት አያውቅም መሰለኝ። ሆኖም እሱም የነገሌ ሰው ነውና ትንሽ አሰብ አድርጎ «ሃያ ስድስት ነው የሚሉት» አለ። «ተመስገን!» አልኩ። እንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ተመስገን ያልኩት የምወርሰው ነገር ኖሮ አይደለም። ጋሽ ስጦታው በዚህ ዓለም የሚፈሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ሞት አይደለም። የሚፈሩት ሀብታቸው ቀድሟቸው እንዳይሞትና በስተርጅና የሰው እጅ እንዳያዩ ነው። ከሀብታቸው ቀድመው ለመሞት አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ታግለዋል። እንግዲህ ተሳካላቸው ማለት ነው።

ያወቅኋቸው አብዮቱ በፈነዳ በማግሥቱ ዓመት፣ ሒሳብ እንዳስተምር ነገሌ ቦረና ተመድቤ በሄድኩ ጊዜ ነው። የተከራየኋት ክፍል ከግቢያቸው ጋር አንድ አጥር ትጋራለች። በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ገና ዕቃዬን ፈትቼ ሳልጨርስ፣ አንድ አጠር ያሉ ካኪ ለባሽ ሰውዬ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«የሒሳብ አስተማሪ ነህ አሉ።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ሰው የሚሞተው መቼ ነው?»

ጥያቄውን ወደ ቄስ ልመራው ስል «የለም የለም፣ የሒሳብ ነው» አሉና ወደ ግቢያቸው ጠርተው በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። መንግሥት ካሰናበታቸው ሁለት ወር ሆኗቸዋል። የጡረታ ደሞዝ የላቸውም፤ አንድ ጊዜ የተሰጣቸውና ከራሳቸው ጥሪት ጋር የደባለቋት ገንዘብ ግን አለች። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ያቺ ገንዘብ እስከ ዕለተ ሞታቸው እንድታደርሳቸው በየዓመቱ ስንት ስንት ይብሉ? ጥያቄው ይኸው ነበር።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ትኩስ የወጣሁ ነኝና አላመነታሁም። «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ስላቸው «በወረቀቱ ሃምሳ አምስት» አሉኝ። «ሰው ሰባ ዓመት ይኖራል እንበል» አልኩና ገንዘቡን ለአሥራ አምስት አካፍዬ፣ ከውጤቱ ሥር ሁለት ጊዜ አስምሬ ሰጠኋቸው።

ወረቀቱን እያዩ የጆሮአቸውን ጫፍ በሁለት ጣት ያዙ። ሲያስቡ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበሩ።

«በአሥራ ስድስተኛው ዓመት ጠዋት ምን እበላለሁ?»

«ያኔማ… ያኔማ አይኖሩም፣ ጋሼ።»

«ብኖርስ? ሞት ያንተን ማካፈል ተምሯል?»

ወረቀቴን በአራት አጠፉና ለእሳት ማቀጣጠያ አኖሩት። ጓደኝነታችን የተጀመረው እንደዚህ ነው።

ያቺ «በወረቀቱ» የምትል ቃል ታሪክ አላት። ጋሽ ስጦታው የቡልጋ ተወላጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ወደ ቆላ ወርደው ከብት ከሚከትብ ቡድን ጋር በቀን ሠራተኛነት ገቡና በነገሌ ዙሪያ ያለውን የሊበንን አገር በእግራቸው ሲያዳርሱ ኖሩ። የሚከትቡለት በሽታ ስሙ «ደስታ» ነው፤ ከብት በመንጋ የሚጨርስ በሽታ፣ ስሙን ማን እንዳወጣለት እንጃ። «ዕድሜዬን ሙሉ ደስታን ሳሳድድ ኖርኩ» ይሉ ነበር፤ «በደረስኩበት ሁሉ አጠፋሁት!»

ከብዙ ዓመት የቀን ሥራ በኋላ ቋሚ እንዲሆኑ ተወሰነና መዝገብ ቤት ቀረቡ። መዝጋቢው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጢሙ ገና ያላጎነቆለ ነበር። «አንተ፣ ዕድሜህ ስንት ነው?» አላቸው። አንተ! እውነተኛ ዕድሜአቸው አርባ ሁለት ገደማ ነው። ነገር ግን አንተ መባሉ ቢከነክናቸው ኮስተር ብለው «አርባ አምስት» አሉ። መዝጋቢው ቀና ብሎ አያቸውና «ይቀመጡ እንጂ፣ አባቴ» አለ። ሦስቷ ዓመት ወዲያው ሠራች።

ጣጣው መንግሥት አንዴ የጻፈውን ዕድሜ እንደ ጥምቀት ነው የሚያየው፤ አይደገምም። በወረቀቱ ሃምሳ አምስት ሲሞላቸው አሰናበታቸው። የጡረታ ደሞዝ ለማግኘት በቋሚነት አሥር ዓመት ማገልገል ያስፈልግ ነበር። የእሳቸው ሲቆጠር ዘጠኝ ዓመት ከአሥር ወር ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱን ወር የመቀጠሪያ ቅጹ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር በልቶታል። እውነተኛ ዕድሜአቸውን ቢናገሩ ኖሮ ሦስት ዓመት ይተርፋቸው ነበር።

«አንቱታ ውድ ነው፣ መምህር» አሉኝ። «እኔ በጡረታዬ ነው የገዛሁት።»

ደግሞ ገና አንቱ ተብለው ሳይጠግቡ አብዮቱ መጣና አገሩን ሁሉ ጓድ አደረገው። እኔ ግን እስከ ዛሬ አንቱ እላቸዋለሁ። የተከፈለበት ነገር ነው።

በጡረታ ፈንታ የተሰጣቸው ገንዘብ በሕጉ ቋንቋ ዳረጎት ይባላል። በቡልጋ ሽማግሌ ጆሮ ደግሞ ዳረጎት ማለት ድግስ ደጃፍ ለቆመ ሰው የሚወጣለት ነገር ነው። ከገንዘቡ ማነስ ይልቅ ስሙ አንገበገባቸው። «ሃያ ዓመት ከርሜ ዳረጎት! ስሜ ስጦታው መሆኑን አይቶ ያሾፈብኝ ሰው አለ» ይሉና ይምሉ ነበር፤ «ከእንግዲህ ግን ከማንም፣ በምንም፣ ዳረጎት አልቀበልም።» መሐላውን ነገሌ ሁሉ ሰምቷል።

ዘላቂውን ሒሳብ የነገራቸው ጉዮ የሚባል የሊበን ቦረና ነው። ከክትባቱ ዘመን ጀምሮ ወዳጃቸው ነበር፤ «ጃላ» ይባባላሉ፣ ወዳጄ ለማለት ነው። ጉዮ አማርኛ ቢያውቅም አንቱ የምትባለውን ነገር አልወሰዳትም፤ ቄሱንም፣ አስተዳዳሪውንም፣ ጋሽ ስጦታውንም አንተ ነው የሚላቸው። በዚህ ዓለም አንተ ብሏቸው የማይቆጡት እሱን ብቻ ነበር። በገበያ ቀን እኔ ባለሁበት የእኔን ማካፈል ነገሩት።

«አካም፣ ይሄ ልጅ ገንዘብህን ሊያርድ ነው እንዴ?» አለ ጉዮ እኔን እያየ። «ገንዘብ አይወልድም። ከብት ግዛ፣ ከኔ ጋር ይጋጥ። ላም አትሸጥ። ላም ቤት ነው፤ ቤት ይሸጣል? ወይፈን ሽጥ። በዓመት አንድ። ዝናብ ሲጠግብ፣ ከብቱ ሲያምር ሽጥ። ክፉ ዓመት ሲመጣ ምንም አትሸጥ፤ አፍህን አጥብብ።»

«እስከ ስንት ዓመት ያበላኛል?»

ጉዮ ጥያቄው አልገባውም። «እስከምትበላ» አለ።

እኔ ያን ቀን ስለ ሒሳብ የነበረኝ ኩራት ትንሽ ቀነሰ። ጋሽ ስጦታው ዳረጎታቸውን በሙሉ ጊደርና ላም ገዙበት፤ ከአንድ ኮርማ ጋር አሥራ ስምንት ሆኑ። ጎሳ የላቸውምና የጆሮ ምልክት አልነበራቸውም። ቦረና ከብቱን የሚያውቀው በጆሮው ቅድ ነው፤ እያንዳንዱ ጎሳ፣ በጎሳውም ውስጥ እያንዳንዱ በረት የራሱ አቆራረጥ አለው። እሳቸውም ለራሳቸው አንዲት ምልክት አወጡ፤ በቀኝ ጆሮ ጠርዝ ላይ ትንሽ ጥርስ የመሰለች። በገዛ እጃቸው ቆረጧት።

ከዚያ በኋላ ዓመቱ ወይፈን ሆነ፤ የተሸጠውን ወይፈን ዋጋ በየወሩ እንደ ብልት ያካፍሉት ነበር። መስከረም ላይ ሻኛ፣ ጥቅምት ሽንጥ፣ ጥር ታፋ፣ ሁዳዴ አጥንት፣ ሐምሌ ሰኮና፣ ጳጉሜን ጅራት። የሚገዙትን ዕቃ ሁሉ በብልት ይተምኑት ነበር። አዲስ ሱሪ ልግዛ ብላቸው «ወርች ያህል ነው፤ አሮጌውን አስጥፈው» ይሉኛል። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስትሆን ጅራቱ ያጥርባቸውና ይነጫነጫሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር ለእናት አገር መዋጮ ሊሰበስብ በመጣ ጊዜ ገንዘቧን ቆጥረው ሰጡና «ጓድ ሊቀመንበር፣ ዘንድሮ ምላሱን ለእናት አገር አስረክቤአለሁ፤ ከእንግዲህ የምናገረው የለኝም» አሉት። ሊቀመንበሩ አመስግኖ ሄደ። እኔ ለሳምንት ያህል በር እስኪንኳኳ ስጠብቅ ሰነበትኩ፤ የነካቸው ግን የለም።

እንዲህ እየተቆጠበ ወይፈኑ ከዓመት ዓመት አደረሳቸው፤ መንጋውም ወደ ሃያ አራት ወጣ። ድሀ ነበሩ፤ ነገር ግን በነገሌ ከእሳቸው የበለጠ የሚኮራ ድሀ አልነበረም። ኩራታቸውም የከፋ ነበር። ማንም የሰጣቸውን አይቀበሉም። ሲጋራ የሚያቀብላቸውን ሰው ክብሪት ይሰጡታል። በሽሮ ልጋብዝዎ ብላቸው ሽሮውን ይዘው ይመጡ ነበር።

አንድ ረመዳን ላይ አዴ ሐሊማ ሳምቡሳና ቴምር በሰሃን ላኩላቸው። አዴ ሐሊማ ከመንገዱ ማዶ ስኳርና ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ከተማው ሁሉ እናቴ የሚላቸው ነጋዴ ናቸው፤ አዴም እናት ማለት ነው። ጋሽ ስጦታው ሳምቡሳውን በልተው ሰሃኑን አጥበው፣ አራት እንቁላል አስቀምጠውበት በዚያው ምሽት መለሱ። በማግሥቱ አዴ ሐሊማ እንቁላሎቹን በሻርፓቸው ቋጥረው መጡ።

«አቶ ስጦታው፣ ምን በደልኩዎ?»

«ምን በደሉኝ? ሰሃን ባዶ አይመለስም ብዬ ነው እንጂ።»

«ባዶ አይመለስም። በዚያው ቀንም አይመለስም! በዚያው ቀን የመለሰ ጎረቤት ሒሳብ ዘጋ። ሒሳብ የዘጋ ሊሄድ ነው። ሊሄዱ ነው?»

«አዴ፣ እኔ ዳረጎት አልወድም።»

«ሳምቡሳ ነው ዳረጎት? ያ ረቢ!» አዴ ሐሊማ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ አስተማሪ፣ እስኪ አስተምራቸው። ውለታ ትንሽ ማደር አለበት። ያሳድሩት እንጂ!»

እኔ ያን ጊዜ በሁለቱም ሳቅሁ። ጋሽ ስጦታው ግን አልሳቁም፣ አልተሻሻሉምም። በየረመዳኑ ሳምቡሳው ጀንበር ስትጠልቅ ይሄዳል፣ እንቁላሉ በዚያው ማታ ይመጣል፣ አዴ ሐሊማ በማግሥቱ ይቆጣሉ።

ከዚያ ድርቁ መጣ። ጋና የሚሉት የበልጉ ዝናብ አንድ ዓመት ቀረ፤ ሰው «ይመጣል» አለ። ሁለተኛም ቀረ። ላም በፍየል ዋጋ መሸጥ ጀመረች። አዴ ሐሊማ «ግማሹን እንኳን ይሽጡ» አሏቸው። ጋሽ ስጦታው «በክፉ ዓመት አይሸጥም፤ ሕግ ነው» አሉ። በመጨረሻ ራሱ ጉዮ ከሊበን በእግሩ መጣ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«ጃላ፣ ሽጥ።»

«ሕጉን ያወጣኸው አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ። ሰማይ ግን አልሰማም።»

አልሸጡም። ሕግ አክባሪነታቸው የትም ያላደረሳቸው ሰው፣ ያችን አንዲት ሕግ ግን አጥብቀው ያዙ። የማይረሳኝ ይኼ ነው፤ ሕጉን ያፈረሱት ሁሉ ትንሽ ገንዘብ ተረፋቸው፤ ያከበሩት ጋሽ ስጦታው ምንም አልተረፋቸውም። አብረን በመኪና፣ ከዚያም በእግር ሄደን አየን። ከሃያ አራቱ የቆሙት አራት ነበሩ፤ እነሱም ቆመዋል ከተባለ፤ ሬሳቸው ያልተገኘም ነበር። አንዷን ላም ጆሮዋን ይዘው ቀና ሊያደርጓት ሞከሩ። የጉዮም በረት ከዚያ አይሻልም ነበር። ሲመለሱ በመንገዱ ሁሉ አንዲት ቃል ነው የተናገሩት፤ «መምህር፣ ያንተ ማካፈል እኮ ሰባት ዓመት ይቀረው ነበር» አሉኝ። ልቤ ተቆረጠ። በወሩ ጉዮ «የቀሩትም አለቁ» ብሎ ላከብን።

የእርዳታ ስንዴ ሲመጣ ቀበሌው ስማቸውን ከዝርዝሩ አናት ላይ ጻፈው። እሳቸው ሄደው አስፋቁት። «ዳረጎት አንዴ ይበቃል» አሉ። ታዲያ በምን ኖሩ? የእጅ ጽሑፋቸው ያማረ ነውና በቀበሌው ደጃፍ ቁጭ ብለው በሳንቲም ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። ማመልከቻው «የእርዳታ ስንዴ እንዲሰጠኝ» የሚል ነው። እንዲያ አንጀት የሚበላ አድርገው እየጻፉ ስንቱን ስንዴ አስገኙ! እሳቸው ግን በሳንቲሟ ቆሎ ገዝተው ይበላሉ። አዴ ሐሊማ አንድ ጊዜ ዘዴ አመጡ፤ «ሱቄ ውስጥ አይጥ ገብቷል፤ ይቺን ዱቄት እርስዎ ዘንድ ያኑሩልኝ» ብለው አንድ ጆንያ አስገቡላቸው፤ እንዲበሉት ነው። ከሁለት ወር በኋላ ጆንያውን ከነማሰሪያው መለሱላቸው። አደራ አይበላም። እንደ አጥር እንጨት ከስተው ሳያቸው አንዳንዴ እናደድባቸው ነበር፤ ኩራት ሰው ሲገድል ቆሞ ማየት ያናድዳል።

በሦስተኛው ዓመት ዘነበ። ሣሩ ጉልበት ሲደርስ ጉዮ ብቅ አለ።

«ናጋ፣ ጃላ? ሰላም ነህ? ከብትህ አለ። ዘጠኝ ጊደር። ወንድሜ ዳዋ ወንዝ ማዶ ወስዶት ነበር። አሁን መጣ።»

«ሁሉም አልቀዋል ብለህ ልከህብኝ አልነበረም?»

«አላወቅሁም ነበር። ዘጠኝ አለ። ያንተ ነው።»

በማግሥቱ ሄድን። ዘጠኝ ያማሩ፣ በዕድሜ የሚቀራረቡ ጊደሮች ናቸው። ጋሽ ስጦታው አንድ በአንድ እየቀረቡ ጆሮአቸውን ያዙ፤ የቀኙን፣ ከዚያ የግራውን። ሥራቸው ነበርና አልፈጠኑም። አንደኛዋ ራሷን ስትነቀንቅ ጣታቸው ላይ ትንሽ ደም ነካቸው። ጉዮ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየ።

«ደም ነው?» አልኳቸው።

«መዥገር ነው» አሉና ካኪያቸው ላይ ጠረጉት። ዘጠነኛዋን ሲጨርሱ የራሳቸውን ጆሮ ያዙ። ከዚያ ጉዮን ዓይን ዓይኑን እያዩ «አዎ፣ የኔ ናቸው» አሉ።

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ እላለሁ። ወንዱም ሴቱም፣ ጥጃውም አሮጌውም ከነበረበት መንጋ ዘጠኝ እኩያ ጊደር ብቻ ተመርጦ ሲተርፍ አንድ ነገር ሊሸተኝ ይገባ ነበር። አልሸተተኝም። ደስ ብሎኝ ስጮኽ ብቻ ትዝ ይለኛል።

ጊደሮቹ ወልደው የሚሸጥ ወይፈን እስኪደርስ ዓመታት ፈጀ። እስከዚያ ጉዮ ቅቤ ይልክላቸዋል፤ እሳቸውም፣ የሚገርመው፣ ይቀበላሉ። ሌላም ለውጥ አየሁ። ያን ዓመት አዴ ሐሊማ የላኩት ሰሃን በማታ አልተመለሰም። በማግሥቱም አልተመለሰም። ሌላ ረመዳን ሲመጣ አዴ ሐሊማ በሌላ ሰሃን ላኩ፤ እሱ በሳምንቱ ተመለሰ፤ ያ የመጀመሪያው፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ የብረት ሰሃን ግን አልመጣም። መንገድ ላይ ባገኟቸው ቁጥር «አቶ ስጦታው፣ ሰሃኔስ?» ይሏቸዋል። «እያደረ ነው፣ አዴ» ይላሉ። እርጅና መሰለን። አንድ ቀን አዴ ሐሊማ በጆሮዬ «ረሱት መሰለኝ፤ ተዋቸው፣ አትጠይቃቸው» አሉኝ።

መንጋው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ወይፈኑም በዓመት አንድ፣ ከነሻኛው ከነጅራቱ። እኔ ወደ ያቤሎ ስዛወር የሸኙኝ በጎድን ወር ላይ ነበር፤ «ከጎድኔ ላይ ነው» ብለው የስንቅ ቋንጣ ሰጡኝ። እምቢ ልል አልኩና የሰሃኑን ነገር አስቤ ተቀበልኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሾፌሩ መኪናውን በራችን ላይ አቆመ።

ነገሌ የደረስኩት በተቀበሩ በአራተኛው ቀን ነው። መንገድ ላይ ሳሰላው፣ በወረቀታቸው ዕድሜ ልክ በሰባ ዓመታቸው ነው የሞቱት። ያ የእሳት ማቀጣጠያ የሆነ ማካፈሌ ትክክል ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ትክክል በመሆኔ ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

ግቢያቸው ውስጥ ጉዮ በበርጩማቸው ላይ ቁጭ ብሏል። አዴ ሐሊማ ምንጣፍ ላይ ናቸው፤ ፊታቸው ያ ጠርዙ ሰማያዊ ሰሃን አለ። ቤቱን ያጸዱ ሴቶች መደርደሪያ ላይ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ነው ያገኙት። በሰሃኑ ላይ አንድ ፖስታ ተቀምጧል። «መምህር ያንብበው» ይላል፤ በዚያ በሚያምረው ጽሑፋቸው። ስለዚህ ጠብቀውኝ ነበር።

ከፖስታው ዘጠኝ አሮጌ የክትባት ካርዶች ወጡ። በእያንዳንዱ ጀርባ ጥንድ የላም ጆሮ ተስሏል። አንዱ ግራው ጫፉ የተቆረጠ፣ አንዱ መሐሉ የተሰነጠቀ፣ አንዱ ሁለት ቦታ የተበሳ። በሁሉም ቀኝ ጆሮ ጠርዝ ላይ ያቺ ጥርስ የመሰለች የእሳቸው ምልክት አለች፤ ከጎኗም «አዲስ ቁስል» ተብሎ ተጽፏል። ከሥር ደግሞ ጊደሯ ከየትኛው ጎሳ፣ ከማን በረት እንደመጣች። ደብዳቤውን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ።

«መምህር፣ ከብቶቼ በድርቁ አልቀዋል፤ አንድም አልተረፈም። እነዚህን ዘጠኙን ጉዮ ከወገኖቹ ለምኖ አምጥቶ፣ ምልክቴን በላያቸው ላይ ቆርጦ ያንተ ናቸው አለኝ። ሃያ ዓመት ስይዘው የኖርኩትን ጆሮ የማላውቀው መስሎት ነው። እምቢ ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ዘጋሁት። የመጀመሪያውን ዳረጎት ከመንግሥት ተቀብዬ ስናደድ ኖርኩ። ሁለተኛውን ከቦረና ተቀብዬ ጠግቤ በላሁ። ዘጠኙን ለየባለቤታቸው መልሱልኝ፤ ሁለቱ ላሞች ሞተዋል፣ በእነሱ ፋንታ የወለዷቸው ይሰጡ። የቀሩት የጉዮ ናቸው። ከዘንድሮው ወይፈን እኔ እስከደረስኩበት የኔ ነው፤ የተረፈው ብልት ለተዝካሬ ይሁን። ሰሃኑ የአዴ ሐሊማ ነው፤ ባዶውን አልመለስኩም።»

ጉዮ ካርዶቹን አንድ በአንድ ተቀበለኝና ምድር ላይ ደረደራቸው። ማንበብ አይችልም፤ ጆሮዎቹን ግን አነበበ። እያንዳንዱን በጣቱ እየነካ የባለቤቱን ስም ጠራ፤ አንድም አልሳተም፤ እሳቸውም አንድም አልሳቱም። ከዚያ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ያውቅ ነበር? እኔ ስድስት ዓመት አታለልኩት ብዬ… እሱ ነው እኔን ያታለለ!»

እየሳቀ ነው ያለቀሰው። ቆይቶም አስረዳን። ቦረና ዘንድ ከብቱ ላለቀበት ሰው ወገን ያዋጣለታል፤ ቡሳ ጎኖፋ ይባላል። ለጉዮ ሊያዋጡለት ሲሰበሰቡ እሱ ተነሥቶ «ስጦታውም ከብቱ አልቆበታል» አላቸው። አንድ ሽማግሌ «እሱ የኛ ጎሳ አይደለም» አለ። ጉዮ «ከብቱ ከኛ ኤላ ጠጥቷል፤ ከኤላችን የጠጣ የኛ ነው» ሲል ሁሉም ሰጡ። ኤላ ያ ጥልቁ የውሃ ጉድጓዳቸው ነው።

«ግን እኮ መምህር፣ ይሄ አይመለስም» አለ ጉዮ ካርዶቹን እየሰበሰበ። «ቡሳ ጎኖፋ ለሰጠው ሰው አይመለስም። ወደ ፊት ነው የሚሄድ። ነገ ከብቱ ለሚያልቅበት ሰው ይሄዳል። ስጦታው ይሄን አላወቀም።»

አሥራ አምስት ዓመት የማያልቅ ሒሳብ ሲፈልጉ ኖረው፣ ሲያገኙት ደግሞ ሊዘጉት ፈለጉ ማለት ነው። ይህን ልናገር ስል አዴ ሐሊማ ሰሃናቸውን አንሥተው በሻርፓቸው ጫፍ ጠርዙን ሲወለውሉ አየሁና ተውኩት። ወልውለው ሲጨርሱ ሰሃኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ፤ ወደ ተዘጋው የጋሽ ስጦታው በር አዩ።

«በዚያው ቀን አይመልሱ አልኳቸው እንጂ» አሉ፣ «ስድስት ዓመት ያሳድሩት መቼ አልኩ?»